ስም የተጻፈበት ወረቀት

ወንድሜ ዘአማኑኤል ሃድጉ የሞተው ጥር 14 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። የመቃብሩ ድንጋይ ጥር 15 ይላል። ጠራቢው የቀብሩን ቀን የሞተበት ቀን አድርጎ ቀረጸው፤ እንዲታረም ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ እስከ ዛሬ አልታረመም።

ይህን ከመጻፌ በፊት ዙለይካን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። የጠየቅኳትም ባሏ ሙሐሲን በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። «አሁንማ ጻፊው፤ ማን ይጎዳበታል?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ብቻ እኔን ከሆንኩት በላይ ደግ እንዳታደርጊኝ» አለች።

ዘአማኑኤል በ1956 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተወለደ፤ እኔ በስምንት ዓመት እከተለዋለሁ። አባታችን ከአዲግራት የመጣ የቴሌግራም ጸሐፊ ነበር። ቤት ውስጥ በትግርኛ፣ ደጅ በአማርኛ እያወራን አደግን። አባታችን ራት ከበላን በኋላ አንድ ጨዋታ ያጫውተን ነበር። ረጅም ደብዳቤ ያነብልንና፣ «ይህን በአራት ቃል አድርጉት» ይለናል። «እናታችን በጠና ስለታመመች ያለህን ሥራ ሁሉ ትተህ በቶሎ እንድትመጣ» የሚለው፣ «እናት ታማለች ቶሎ ና» ይሆናል። በቴሌግራም ቃል ሁሉ ስለሚያስከፍል፣ የማያስፈልገውን ቃል መጣል ለአባታችን ሙያ ብቻ ሳይሆን ጨዋነትም ነበር። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ዘአማኑኤል ነው። እኔ አንዱንም ቃል መጣል ስለማልችል እሸነፋለሁ።

አባታችን በ1977 ሲሞት ዘአማኑኤል በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ትምህርቱ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበር። ትምህርቱን ትቶ አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ውስጥ በታይፒስትነት ተቀጠረ። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ታሪክ አጥንቼ፣ በኋላም በቤተ መዛግብት ሥራ ሠልጥኜ የወጣሁት በእሱ ደመወዝ ነው። በ1988 ካዛንቺስ ውስጥ ስፋቷ ሁለት በሦስት የሆነች የትርጉምና የጽሕፈት ቤት ከፈተ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ ይተረጉማል። ደንበኞቹ በአብዛኛው የኤምባሲ ቀጠሮ ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

ሙሐሲን ላንቻ ሰፈር የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነበረው። ሁለቱ በሥራ ተዋወቁ፣ ከዚያ ወንድማማች ሆኑ። ሙሐሲን ሲስቅ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ነበር። «አንተ የተረጎምክለት ሰው ሁሉ አገር ለቆ ይሄዳል» ይለዋል። «በዚህ ዓይነት አዲስ አበባ ውስጥ የምንቀረው እኔና አንተ ነን። ያኔ ማን ከንቲባ እንደሚሆን ከአሁኑ እንስማማ።»

ኅዳር 1998 ከምርጫው በኋላ በነበረው ግርግር ሙሐሲን ታሰረ። ክሱ የሥራ ማቆም ጥሪ የሚያደርግ በራሪ ወረቀት አባዝቷል የሚል ነበር። ማባዛቱን አልካደም። «ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እኔ አባዛለሁ፤ የሠርግ ጥሪ ይሁን መፈክር አላነብም» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ማሽኑ በኤግዚቢትነት ተወሰደ። ዙለይካ አሮጌ ማሽን ፈልጋ ሱቁን ራሷ መሥራት ጀመረች። ልጃቸው ሂባ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር።

ጋዜጦች አንድ በአንድ ሲጠፉ ዘአማኑኤል ሌላ ሥራ ጀመረ። በውጭ አገር ስለ ኢትዮጵያ የሚባለውን እየተረጎመ በአንድ ገጽ ይጽፋል፤ ዙለይካ ሃምሳ ቅጂ ታባዛለታለች፤ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ስም አይጻፍበትም። ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ስለ አሜሪካ ነበር። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሁለቱ ፓርቲዎች የሚጨቃጨቁበት አንድ ረቂቅ ሕግ ነበር። እስረኛ እንዲፈታ፣ ጋዜጣ እንዲከፈት፣ ይህ ካልሆነ ለመንግሥታችን የሚሰጠው አንዳንድ እርዳታ እንዲያዝ የሚል ነው። ዘአማኑኤል ጉዳዩን የሚከታተለው ሌላው ሰው እግር ኳስ በሚከታተልበት ዓይነት ነበር።

ክርክሩ የሚካሄደው ወርቅዬ ሻይ ቤት ነው። የዘአማኑኤል ዋና ባላጋራ ዋቅጅራ የሚባል መካኒክ ነበር። ወርቅዬ ዘአማኑኤልን «ሴናተር»፣ ዋቅጅራን «ሪፐብሊካን» ብላ ስም አውጥታላቸዋለች።

«አሜሪካ ነፃነት የሚልከው ለጠላቱ አገር ነው» ይላል ዋቅጅራ። «ለወዳጁ የሚልከው ስንዴ ነው። እኛ ደግሞ ሶማሌ ላይ ወታደር አሰልፈን ወዳጅ ሆነናል። ስለዚህ ስንዴህን ብላ።»

«አሁን ምክር ቤቱን የያዘው ሌላው ፓርቲ ነው፤ ነገሩ ተለውጧል።»

«ሴናተር፣ ሹፌር ተቀየረ ተብሎ ካምቢዮ ይቀየራል እንዴ? መኪናው ያው መኪና ነው።»

«ነፃነት ከውጭ ቢመጣ ምን አለበት? ፔኒሲሊንም እኮ ከውጭ ነው የመጣው።»

ይህን ጊዜ ጥግ ላይ የሚቀመጡት ጋሼ ገብረጻድቃን ሳል ያደርጋሉ። በንጉሡ ዘመን የፓርላማ ተላላኪ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነበር። «መድኃኒቱስ ይምጣ፤ መርፌው በማን እጅ ነው?» ይላሉ። ሁሉም ይስቃል።

ወንድሜ ግን አይስቅም። እሱ ሁልጊዜ የሚያስበው አንድ ሰው ነበር። ዋቅጅራ ስለ አገር ሲያወራ፣ ዘአማኑኤል ስለ ሙሐሲን ነው የሚሰማው።

በ2000 ዓ.ም. መስከረም ብዙ እስረኛ በምሕረት እየተፈታ ነበር። በሙሐሲን መዝገብ የተከሰሱት አሥራ ሁለቱ ሰዎች ግን የሚወጡት አንድ ቅጽ ከፈረሙ ነው። ቅጹ ጥፋቴን አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ የሚል ነው። የመጨረሻው ቀን ሐሙስ መስከረም 30 ተባለ። የፈረመ በማግስቱ ይወጣል። ኢድ አልፈጥር ደግሞ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ነው የሚውለው፤ ጨረቃዋ ናት የምትወስነው። ሂባ አዲስ ቀሚስ ተገዝቶላት አባቷን ትጠብቅ ነበር። ሙሐሲን አመነታ። ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ ልፈርም ወይ፣ ነው ነገሩ።

ዜናው የመጣው በዚያው ወር ነው። ከአሜሪካ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ ረቂቁን ማክሰኞ መስከረም 21 አሳለፈው። ዘአማኑኤል ረቡዕ ተርጉሞ ሐሙስ ወረቀቱን አወጣ። በእጁ የጻፈው ረቂቅ እኔ ዘንድ አለ። ርዕሱ በመጀመሪያ «የአሜሪካ ምክር ቤት የኢትዮጵያን ረቂቅ ሕግ አጸደቀ» የሚል ነበር። በትልቅ ፊደል ሲሆን በአንድ መስመር አልገባለትም። «ረቂቅ» የሚለውን በእርሳስ ሰረዘው። ከሥር ባለው ጽሑፍም ውስጥ «ሕጉ» እያለ ቀጠለ። አንድ ቃል ብቻ ናት የተጣለችው። ቦታ ለመቆጠብ ብቻ ነው የጣላት ብዬ ለማመን እፈልጋለሁ። ነገር ግን ያን ዕለት ስልክ ደውሎ «ሉሊ፣ አለቀ! በቃ አለቀ!» ሲለኝ ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

ሬዲዮ የሰማም ቢሆን የሰማው ያንኑ ነው። እኛ አገር ምክር ቤቱ ካጸደቀ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ አለቀ። አንድ ምክር ቤት እሺ ብሎ ሌላው ሊያስቀረው እንደሚችል ማን ያስባል? ቅዳሜ መስከረም 25 ዙለይካ ለጥየቃ ሄዳ ለሙሐሲን፣ «አትፈርም፤ ሕጉ ወጥቷል። በግድ ነው የሚፈቱህ፤ ምን አደረግኩ ብለህ ይቅርታ ትላለህ?» አለችው።

እሁድ ወርቅዬ ሻይ ቤት ዘአማኑኤል ሻይ በሙሉ ጋበዘ። ዋቅጅራ ሳይቀር ተሸንፌያለሁ ብሎ እጁን አነሣ። ጋሼ ገብረጻድቃን ግን ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አነበቡና ጠየቁ።

«ልጄ፣ የትኛው ነው ያጸደቀው? መምሪያው ነው፣ መወሰኛው?»

«ምን ማለትዎ ነው፣ ጋሼ?»

«በእኛ ጊዜ ሁለት ነበሩ። የሕግ መምሪያና የሕግ መወሰኛ። እኔ ነበርኩ ወረቀቱን ከአንዱ ወደ አንዱ የማመላልሰው። መምሪያው እልል ብሎ ያሳለፈውን መወሰኛው ሳጥን ውስጥ ከቶት ሲቀር ስንቴ አይቻለሁ። የእነሱስ ሁለት አይደለም?»

ዘአማኑኤል ሁለት እንደሆነ ያውቃል። የተረጎመው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ ሁለተኛው ምክር ቤት ገና እንዳላየው፣ ፕሬዚዳንቱና ፓርቲው እንደሚቃወሙት፣ ወዳጅ መንግሥት አይነካ የሚሉም እንዳሉበት ተጽፏል። ያን አንቀጽ ገጹ ስለሞላበት ትቶት ነበር። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ።

በዚያው ዕለት ማረሚያ ጻፈ። ቃል በቃል ይኸው፦

«ባለፈው ሐሙስ በወጣው ወረቀት ሕግ የተባለው ገና ረቂቅ ነው። ከሁለቱ ምክር ቤቶች ያሳለፈው አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሳይስማማና ፕሬዚዳንቱ ሳይፈርም ሕግ አይሆንም። ፕሬዚዳንቱና ፓርቲው ይቃወሙታል። ይህን ተማምኖ ማንም ሰው ውሳኔ እንዳይወስን። ስሕተቱ የእኔ ነው። ዘአማኑኤል ሃድጉ።»

ስሙን ጽፎ ወረቀት ሲያወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰኞ ጧት ላንቻ ወርዶ ለዙለይካ ሰጣት። ቆማ አነበበችው።

«ማን መጣብህ?» አለችው።

«ማንም አልመጣብኝም። ተሳስቼ ነው።»

«ሐሙስ ዕለት አልተሳሳትክም፣ ዛሬ ተሳሳትክ?»

«የተሳሳትኩት ሐሙስ ነው፤ ያወቅኩት ትናንት ነው። ዙለይካ፣ ሙሐሲን ይፈርም። ኢድን ከሂባ ጋር ይዋል።»

«ስምህን ምን አስጻፈህ? እስከ ዛሬ ጽፈህ ታውቃለህ?»

«ሰው እንዲያምነኝ ነው።»

«ሃድጉ የሚል ስም አይቶ?» ሳቀች፤ ሳቋ አጭር ነበር። «ጋሽ ዘአማኑኤል፣ አንተን ጠልቼህ አይደለም። ግን ያሰሩት ያንተ ሰዎች ናቸው። እነሱ ‹ውሸት ነው በል› ቢሉህ እምቢ ማለት ትችላለህ?»

«እኔ ካዛንቺስ ነው የተወለድኩት። የእኔ ሰው እናንተ ናችሁ።»

«እሱን ለእኔ አትንገረኝ፤ ሰፈሩ ለሚያወራው ንገረው። ይሄን አላባዛም። ሌላ ቦታ ውሰደው።»

ሌላ ቦታ አስባዝቶ በተነው። ሰው ተቀብሎት ስሙን ያያል፣ ፈገግ ይላል፣ ያጥፈዋል። የመጀመሪያው፣ ስም የሌለው ወረቀት እንደ ወንጌል ታምኖ ነበር። ሁለተኛውን ያመኑት ጋሼ ገብረጻድቃን ብቻ ናቸው። ወህኒ ቤት ሄዶ ሙሐሲንን ራሱ ሊያነጋግረው ሞከረ፤ ስምህ ከጠያቂዎች ዝርዝር ውስጥ የለም ተብሎ ተመለሰ።

ሐሙስ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ፈረሙ። ሙሐሲን አልፈረመም። ቅዳሜ ኢድ ዋለ፤ ሂባ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ዋለች አሉ። ሚያዝያ ላይ ሙሐሲን አሥር ዓመት ተፈረደበት።

ረቂቁ ሁለተኛው ምክር ቤት ሳያነሣው የምክር ቤቱ ዘመን አለቀና ወደቀ። ዋቅጅራ በዚያ ሰሞን ትርጉም ቤቱ ድረስ መጥቶ ነበር። ሊያፌዝ የመጣ መስሎኝ ተነሣሁ። «ሴናተር፣ እንዳሸንፍህ ፈልጌ አልነበረም የምከራከርህ» ብሎት ትንሽ ተቀምጦ ሄደ። ወንድሜ ወረቀት ማውጣት አቆመ። ሻይ ቤት መሄድም ተወ። የልደት ምስክር ወረቀት ብቻ እየተረጎመ፣ እያንዳንዱን አራት ጊዜ እያነበበ፣ ደንበኛ እያሰለቸ ኖረ። ላንቻን ላለማየት ዙሮ ነበር የሚሄደው። የዙለይካ ሱቅ በ2002 ተዘጋ።

በእነዚያ ዓመታት አንድ መጽናኛ ነበረው፤ ለእኔ ብቻ ነው የተናገረው። ከማረሚያው አንዱን ቅጂ ዙለይካ ባንኮኒ ላይ ትቶላት ነበር የወጣው። «ልካለት ቢሆን ይፈርም ነበር» ይለኝ ነበር። «እኔ ተሳሳትኩ፤ አረምኩ። መንገድ ላይ ያስቀረችው እሷ ናት።» በክፋት አይደለም የሚለው። ጥፋቱን ለብቻው መሸከም አቅቶት ለሁለት የከፈለው ይመስለኛል።

ሙሐሲን ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በአመክሮ የወጣው ሐምሌ 2004 ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ትርጉም ቤቱ መጣ። እኔ ፋይል እያስተካከልኩለት ነበር። መጀመሪያ አላወቅኩትም። የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ በዱላ ነው የሚሄደው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ተቃቅፈው ቆዩ። ወንድሜ ያለቅሳል፤ ሙሐሲን ጀርባውን ይመታዋል። «ኧረ በቃህ ከንቲባ፣ ሕዝብ ያየናል» አለው። ከዚያ ተቀመጠ።

«ልወቅስህ አይደለም የመጣሁት» አለ። «አንድ ነገር ላጫውትህ ብዬ ነው። ወረቀትህ ደርሶኝ ነበር።»

«የትኛው?»

«ስምህ ያለበት።»

ወንድሜ እኔን አየኝ።

«ልፈርም ቆርጬ ነበር» አለ ሙሐሲን። «ዙለይካ አትፈርም ብትለኝም ሂባ ናፍቃኝ አልቻልኩም። ቅጹን ሞልቼ ፊርማ ብቻ ነበር የቀረኝ። ማክሰኞ የማፍጠሪያ ሳምቡሳ ላከችልኝ፤ በወረቀትህ ጠቅልላ። ገልጬ አነበብኩት። ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች እየተቀባበሉ አነበቡ። ‹ማስተባበል ከጀመሩማ እውነት ነው። ስሙን አታየውም? አስገድደው ነው ያስጻፉት› አሉኝ። እኔ አንተን አውቅሃለሁ፤ ለእነሱ የምታጎበድድ ሰው አይደለህም። ግን ዙለይካ አስባበት የላከችልኝ መሰለኝ። ‹ይኸው፣ ደንግጠዋል፤ ጽና› ማለቷ ነው አልኩ። በነጋታው ቅጹን ቀደድኩት። ስሙን አታየውም ያለኝ ሰው ሐሙስ ፈርሞ ወጣ።»

«ማረሚያው ነው እንዳትፈርም ያደረገህ?»

«እንግዲህ እንደዚያ ሆነ።»

«ዝም ብል ኖሮ…»

«ዝም ብትል ኢድን ቤቴ ነበርኩ። ይሄን የምነግርህ ዙለይካን እንዳትቀየማት ብዬ ነው። ሱቋ በር ላይ እንዳታልፍ ዙረህ ትሄድ እንደነበር ሰምቻለሁ። እሷ ልካልኛለች።»

ከሄደ በኋላ ወንድሜ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። «አምስት ዓመት ሙሉ በሐሰት ከሰስኳት» አለ።

«ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። የተሳሳተ ነገር ሳይታረም መቆየት የለበትም ብዬ ነው። አብሬው ሄድኩ።

ዙለይካ በዚያን ጊዜ ስታዲየም አጠገብ ከመንገድ ዳር ሸራ ዘርግታ የሕፃናት ልብስ ትሸጥ ነበር። እሁድ ጧት ነው፤ ጨዋታ ስለነበረ ሰው ይበዛል። ስታየን አልተቆጣችም። ካርቶን አንጥፋ «ተቀመጡ» አለችን። ወንድሜ አልተቀመጠም።

«ዙለይካ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ማረሚያውን ያስቀረሽበት ይመስለኝ ነበር። በልቤ ስወቅስሽ ኖሬያለሁ። ልከሽለት እንደነበር ትናንት ነው ከሙሐሲን የሰማሁት።»

«ምኑን ነው የላክሁለት?»

«ወረቀቱን። ሳምቡሳውን የጠቀለልሽበትን።»

በእጇ የያዘችውን የሕፃን ሹራብ አስቀመጠች። «ምን አለ ሙሐሲን?»

ዘአማኑኤል ነገራት። ሙሐሲን ቅጹን ሞልቶ እንደነበር፣ ወረቀቱን ከእሷ የመጣ መልእክት አድርጎ እንደወሰደው፣ በማግስቱ እንደቀደደው፣ ሳያሳጥር ነገራት። እጁን ይዤ ላስቆመው ይገባኝ ነበር። ፊቷን እያየሁ ነበር፤ አልያዝኩትም።

«እኔ እኮ ምንም አልላክሁለትም» አለች። «አንብቤው እንኳ ረስቼዋለሁ። ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ነበር። የመግሪብ ሶላት እየደረሰ ነበር፤ ሳምቡሳው ትኩስ ነው፤ ፌስታል ያቀልጣል። መጠቅለያ አጥቼ ነው።»

አንድ ሰው ሸራው ላይ ጎንበስ ብሎ ካልሲ አነሣና ዋጋ ጠየቃት። አልሰማችውም። ሰውዬው አስቀምጦት ሄደ።

«እኔ ነኝ ጽና ያልኩት ብሎ ነው አምስት ዓመት የተቀመጠው?» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ለምን ላክሽው ብሎኝ አያውቅም። ሲወጣም እጄን ስሞ ‹አጽንተሽኛል› ነው ያለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

ዙለይካ ልብሶቹን አንድ በአንድ እያጠፈች ወደ ማዳበሪያው መክተት ጀመረች። ገና ከጧቱ አራት ሰዓት ነበር። ሲሞላ አፉን አሰረችው፤ ተሸክማ ተነሣች፤ ልረዳት እጄን ብዘረጋ ራቅ አደረገችው።

«እንዳትነግሩት» አለችን። «እኔ ነኝ የላክሁት። እንደዚያ ነው የሚያውቀው፤ እንደዚያ ይቅር።»